የዓሣ ዐይን ሌንስ ጥንካሬ በምን ይታወቃል?

ለመሆኑ አንድ ሌንስ «ጠንካራ ነው» ሲባል ምን ማለት ነው? ብዙዎቻችን ሌንስ ሲሰጠን መጀመሪያ የምናደርገው በእጃችን መመዘን ነው። ከበድ ካለ፣ ብረቱ ቀዝቀዝ ካለ፣ ቀለበቱም ሲዞር ልስልስ ካለ «አሪፍ ዕቃ ነው» ብለን እንፈርዳለን። ለተራው ሌንስ ይህ ፍርድ አንዳንዴ ይሠራ ይሆናል። ተማሪው «ፊሽ አይ» ለሚለው ክብ የዓሣ ዐይን ሌንስ ግን ብዙ ጊዜ አይሠራም፤ እንዲያውም ያሳስታል።

ነገሩን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ዲፓርትመንታችን ለፎቶ ጋዜጠኝነት ኮርስ የሚሆን አንድ ያገለገለ ክብ የዓሣ ዐይን ሌንስ ሊገዛ አስቦ ሁለት ሌንሶች ለምርጫ ቀርበዋል። አንዱ ከላይ እስከ ታች ብረት ነው፤ ፎከሱም አፐርቸሩም በእጅ ነው የሚሠራው። ሌላው አካሉ ፕላስቲክና ብረት የተቀላቀለበት፣ ቀለል ያለ ነው። የተማሪው ልብ ወደ ብረቱ እንዳዘነበለ ከዕቃ ክፍሉ ደጃፍ የሚሰማው ወሬ ይመሰክራል። «ይሄ እኮ ቢወድቅም ምንም አይሆንም» ይባላል። ታዲያ ሌንሱ ሲመጣ ፈርመን የምንረከበው እኛው ነን፤ ቢበላሽም የሚጠየቀው የፈረመው ነው። በመሆኑም ምን እንደምንረከብ ማወቁ የሁላችንም ጉዳይ ይመስለኛል።

እስቲ ከስሙ እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1906 ሮበርት ውድ የተባለ አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ ዓሣ ከውኃ ውስጥ ሆኖ ወደ ላይ ሲመለከት ዓለም እንዴት እንደሚታየው የሚያብራራ ጽሑፍ አሳተመ። ብርሃን ከአየር ወደ ውኃ ሲገባ አቅጣጫውን ስለሚቀይር፣ ከአድማስ እስከ አድማስ ያለው ነገር ሁሉ ለዓሣው 97 ዲግሪ ገደማ በሆነ ክብ መስኮት ውስጥ ተጨምቆ ነው የሚታየው። በ1924 ደግሞ እንግሊዛዊው ሮቢን ሂል ሙሉውን ሰማይ በአንድ ፎቶ የሚይዝ ሌንስ ይዞ ብቅ አለ፤ ዓላማው ደመናን ማጥናት ነበር። እንግዲህ ይህ ዕቃ ሲወለድ የሳይንስ መሣሪያ እንጂ የሠርግ ፎቶ ማሳመሪያ አልነበረም ማለት ነው። ዛሬም የደን ተመራማሪዎች ከዛፍ ሥር ሆነው ወደ ላይ እያነሡበት ቅጠሉ ምን ያህል ሰማይ እንደሸፈነ ያሰሉበታል።

ክብ የሚባለው 180 ዲግሪውን በሙሉ አንድ ክብ አድርጎ በፎቶው መሃል ስለሚያስቀምጠው ነው። ከክቡ ውጪ ያለው ጥቁር ነው። ፎቶውን ጥግ ድረስ የሚሞላ ሌላ ዓይነት የዓሣ ዐይን ሌንስም አለ፤ እሱን ለጊዜው እንተወው።

አሁን ወደ ክብደቱ ልምጣ። ኒኮን እ.ኤ.አ. በ1970 ለሕዝብ ያሳየው ባለ 6 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.8 የዓሣ ዐይን ሌንስ 5.2 ኪሎ ይመዝናል። ስፋቱ 236 ሚሊ ሜትር ነው፤ ካሜራው ከኋላው ሲገጠም ሕፃን አባቱ ጀርባ ላይ የተንጠለጠለ ይመስላል። የሚያየው 220 ዲግሪ ስለሆነ ከራሱ ጀርባ ያለውንም ጭምር ያያል። በ2012 አንዱ ለንደን ውስጥ በ100,000 ፓውንድ ለሽያጭ ቀርቦ በየጋዜጣው ወሬ ሆኖ ነበር። በሌላ በኩል ላኦዋ የተባለው የቻይና ኩባንያ በ2019 ያወጣው ባለ 4 ሚሊ ሜትር ክብ የዓሣ ዐይን ሌንስ 210 ዲግሪ እያየ የሚመዝነው 135 ግራም ብቻ ነው። ታዲያ ኒኮን ከላኦዋ 38 ጊዜ ይጠነክራል ልንል ነው? በፍጹም። ልዩነቱ የመጣው ከሌላ ቦታ ነው። የድሮው ኒኮን የተሠራው ሆዱ ውስጥ መስተዋት ለሚገላበጥበት ባለ 35 ሚሊ ሜትር ፊልም ካሜራ ነው። መስተዋቱ ቦታ ስለሚፈልግ የሌንሱ የኋላ ብርጭቆ ከፊልሙ መራቅ አለበት፤ በ6 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይህን ለማድረግ ደግሞ ከፊት በጣም ትልልቅ ብርጭቆዎች ያስፈልጋሉ። ላኦዋ መስተዋት ለሌለው፣ ሰንሰሩም አነስ ላለ ካሜራ ስለተሠራ ከዚህ ሁሉ ጣጣ ነፃ ነው።

ኒኮን ራሱ ከዚያ በፊት ሌላ መንገድ ሞክሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1962 ያወጣው ባለ 8 ሚሊ ሜትር ኤፍ 8 ሌንስ የኋላ ብርጭቆው ወደ ካሜራው ሆድ ዘልቆ ስለሚገባ መስተዋቱን ወደ ላይ አንሥቶ መቆለፍ ግድ ነበር። በዚህም የተነሣ ፎቶ አንሺው በካሜራው መመልከቻ ምንም ሊያይ አይችልም፤ ለብቻው የተሠራ መመልከቻ ይሰካለት ነበር። ስለዚህ ክብደት የሚነግረን ሌንሱ ለየትኛው ካሜራ እንደተሠራ ነው። በጥንቃቄ መሠራት አለመሠራቱን ግን አይነግረንም።

ታዲያ ምን ይነግረናል? በእኔ አስተያየት ትልቁ ምስክር ክቡ ራሱ ነው። ይህንን ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ላስረዳ።

ማንኛውም ሌንስ የሚሠራው ምስል ክብ ነው። የተራው ሌንስ ክብ ከፊልሙ ወይም ከሰንሰሩ ሰፋ ስለሚል ጠርዙን አናየውም፤ አራት ማዕዘኑ ከመሃል ተቆርጦ ይደርሰናል። ስለዚህ ውስጡ ያለ አንድ ብርጭቆ ትንሽ ወደ ጎን ቢንሸራተት እንኳ ጉድለቱ ተሸፋፍኖ ሊያልፍ ይችላል። ክብ የዓሣ ዐይን ሌንስ ግን ጠርዙን ጭምር ይዘረግፍልናል። ምንም የሚደብቀው ነገር የለውም።

በቁጥር እንየው። ሲግማ በ2007 አካባቢ ያወጣው ባለ 8 ሚሊ ሜትር ኤፍ 3.5 ክብ የዓሣ ዐይን ሌንስ 11 ብርጭቆ በ6 ቡድን የተደረደረበት፣ 400 ግራም የሚመዝን ሌንስ ነው። በዚህ ዓይነት ሌንስ ከክቡ መሃል እስከ ጠርዝ ያለው ርቀት የሚገኘው የሌንሱን 8 ሚሊ ሜትር በሁለት፣ ቀጥሎም በ45 ዲግሪ ሳይን በማባዛት ነው። 2 ሲባዛ በ8 ሲባዛ በ0.707፣ 11.3 ሚሊ ሜትር ይመጣል። የክቡ ሙሉ ስፋት እንግዲህ 22.6 ሚሊ ሜትር ሆነ። የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ወይም የዚያኑ ያህል ሰፊ የሆነ ሰንሰር ቁመት 24 ሚሊ ሜትር ነው። ከላይና ከታች የሚተርፈው ቦታ 0.7 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ከጥፍር ውፍረት ብዙም አይበልጥም። እንግዲህ ክቡ ወደ አንድ ወገን ቢሸሽ ወዲያው ያሳብቃል። አንዳንድ ሌንስ ከአሠራሩ ጀምሮ ክቡ ከላይም ከታችም በእኩል መጠን በትንሹ ሊቆረጥ ይችላል፤ ይህ ጉድለት አይባልም። በአንድ በኩል ብቻ ከተቆረጠ ግን የሆነ ነገር ከቦታው ተናግቷል።

ጠርዙ ሌላም ነገር ይናገራል። ክቡ ዳር ላይ ብዙ ጊዜ ቀጭን ሰማያዊ ወይም ወይን ጠጅ መሳይ መስመር ይታያል። መስመሩ መኖሩ ብዙም አያስደነግጥም፤ ብርሃኑ በጣም ሲታጠፍ ቀለማቱ ትንሽ ስለሚለያዩ ነው። ዋናው ጥያቄ ውፍረቱ ዙሪያውን እኩል ነው ወይ የሚለው ነው። በግራ በኩል እንደ ክር ቀጥኖ በቀኝ በኩል ከወፈረ፣ ብርጭቆዎቹ በአንድ ቀጥታ መስመር ላይ አልተቀመጡም ማለት ነው። እንዲህ ያለው ሌንስ አካሉ ከመድፍ ብረት ቢሠራም ለእኔ ደካማ ሌንስ ነው።

ከክቡ ቀጥሎ የማየው መጋጠሚያውን፣ ማውንት የምንለውን ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ነገር አለ። ባለ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ በጣም ሩቅ ካለ ነገር ወደ 1 ሜትር ሲተኮር ምስሉ ወደ ኋላ የሚሸሸው 2.6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ባለ 8 ሚሊ ሜትሩ ግን ለዚሁ ሥራ የሚፈልገው 0.06 ሚሊ ሜትር ነው። የፀጉር ውፍረት በሉት! እንግዲህ በርካሽ የተገዛ አስማሚ ቀለበት 0.2 ሚሊ ሜትር ቢወፍር፣ ፎከሱን «ሩቅ» በሚለው ምልክት ላይ ብናደርገው እንኳ ሌንሱ በትክክል የሚያየው 32 ሳንቲ ሜትር ላይ ያለውን ነገር ነው። ተራራውን እናነሣለን ብለን የጫማችንን ጫፍ አጥርተን እንመለሳለን። (ጫማችን እንደሆነ ፎቶው ውስጥ መግባቱ አይቀርም፤ 180 ዲግሪ ማለት የትራይፖዱንም እግር፣ የያዘውንም ጣት አይምርም።) ቀለበቱ ቢሳሳ ይሻላል፤ ፎከሱን ትንሽ መልሶ ማረም ይቻላልና።

አፐርቸሩን ወደ ኤፍ 8 ዘጋ ካደረግነው ይህ ስሕተት አብዛኛው ይሸፈናል። ብዙ ሰውም በዚሁ ስለሚያነሣበት ሳያውቀው ዓመታት ይቆያል። በኤፍ 8 ሌንሱን ወደ 27 ሳንቲ ሜትር ብታተኩሩት ከ14 ሳንቲ ሜትር ገደማ ጀምሮ እስከ አድማስ ያለው ሁሉ ጥርት ብሎ ይወጣል። በነገራችን ላይ ለዚህ ነው ክብ የዓሣ ዐይን ሌንስ ራሱ ፎከስ ባያደርግም ብዙም የማይጎዳው። ጉዱ የሚወጣው አመሻሽ ላይ፣ አዳራሽ ውስጥ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አፐርቸሩን መክፈት ግድ ሲሆን ነው። ያን ጊዜ ማውንቱ ላይ ያለች ጥቂት መላወስ ዋጋ ታስከፍላለች። ስለዚህ ሌንሱን ካሜራው ላይ ገጥማችሁ ቀስ ብላችሁ ለማወዛወዝ ሞክሩ። ተቆልፎ እያለ ጠቅ ጠቅ የሚል ከሆነ ተጠራጠሩት።

ከውጪ የማይታየው ሌላው ነገር የሌንሱ የውስጥ ጥቁረት ነው። ተራ ሌንስ ላይ ፀሐይ ሲያስቸግር ከፊት ለፊቱ ጥላ እንገጥማለን፤ ካልሆነም በእጃችን እንከልላለን። እዚህ ግን ጥላውም እጁም ፎቶ ውስጥ ይገባል። ሌንሱን ወደ ሰማይ ካዞራችሁት ደግሞ ፀሐይ እስካለች ድረስ ከክቡ ውስጥ አትወጣም። አዲስ አበባ ላይ በዓመት ሁለት ጊዜ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ልክ ከአናት ትሆናለች፤ ያን ጊዜ ካሜራውን ፊት ለፊት ብታዞሩትም የክቡ የላይኛው ጠርዝ ላይ ትቀመጣለች። ስለዚህ መድኃኒቱ በሙሉ ከውስጥ መሆን አለበት። የብርጭቆዎቹ ጠርዝ ጥቁር መቀባት፣ የበርሜሉ የውስጥ ግድግዳ ብርሃን እንዳይመልስ ሻካራ ወይም ባለ ጎድጓዳ መስመር መሆን፣ ብርጭቆዎቹም ነጸብራቅ የሚቀንስ ልባስ መደረብ አለባቸው።

እንግዲህ የብረቱ ነገር እዚህ ላይ ይገለበጣል። ብረት ከውጪ ሲታይ ያኮራል፤ ከውስጥ በደንብ ካልጠቆረ ግን መስታወት ነው። ከቀረቡልን ሁለት ሌንሶች ብረቱን በጨለማ ክፍል ውስጥ በሞባይል መብራት ከፊት ከጎኑ እያበራን ከኋላ ስናየው፣ ማውንቱ አካባቢ ያለው የውስጥ ግድግዳ እንደ አዲስ ቆርቆሮ ያበራ ነበር። ቀላሉ ሌንስ ግን ጨለማ ነው፤ መብራቱ ራሱ ብቻ ነጥብ ሆኖ ይታያል። ሁላችሁም ይህን ሙከራ ብታደርጉት ደስ ይለኛል፤ በመብራት ግን እንጂ በፀሐይ አይደለም፤ በሌንስ ውስጥ ፀሐይን ማየት ዐይን ያጠፋል።

የፊት ብርጭቆውን ሳላነሣ ባልፍ ጽሑፉ ጎደሎ ይሆናል። ይህ ብርጭቆ እንደ እንቁላል ወደ ውጪ ያበጠ ነው። ፊልተር ከፊቱ አይገጠምለትም፤ ቢገጠም ክቡን ይቆርጠዋልና። በዚህም ምክንያት አምራቾቹ ፊልተሩን ወደ ሌላ ቦታ ወስደውታል። የኒኮን ባለ 8 ሚሊ ሜትር ኤፍ 2.8 በውስጡ የሚሽከረከሩ አምስት ፊልተሮች ነበሩት፤ ሲግማና ካነን ደግሞ ስስ የጄላቲን ፊልተር ተቆርጦ የሚገባበት ቦታ ከሌንሱ ኋላ ሠርተዋል። ለእኛ ዋናው ነገር ግን ፊልተሩ አይደለም። ተራ ሌንስ ላይ አንድ ርካሽ ፊልተር ገጥመን አቧራውንም ጭረቱንም እሱ ይቀበልልን ነበር፤ እዚህ ግን ብርጭቆው ራቁቱን ነው የቆመው። በዚያ ላይ ሌንሱ የሚያምረው በጣም ሲጠጉበት ነው። የሲግማው 13.5 ሳንቲ ሜትር፣ በ2011 የወጣው የካነኑ 8-15 ሚሊ ሜትር ዙም ደግሞ 15 ሳንቲ ሜትር ድረስ ይጠጋል፤ ይህ ርቀት የሚለካው ከካሜራው ሰንሰር ስለሆነ ከፊት ብርጭቆው እስከ ሰውየው አፍንጫ የሚቀረው ጥቂት ጣት ብቻ ነው። ጎጆ ቤት ወለል ላይ ካሜራውን አንጋሎ ጣራውን ማንሣትም አለ፤ ያን ጊዜ ከጣራው የሚረግፈው ጥላሸት ሁሉ ማረፊያው እሱ ነው።

ስለዚህ እንደ ቀላል የምናየው ክዳን የዚህ ሌንስ ዋና አካል ነው። በሲግማው መጀመሪያ አንድ ቀለበት ሌንሱ አፍ ላይ ይጠልቃል፤ ክዳኑ የሚገጠመው በዚያ ቀለበት ላይ ነው። ቀለበቱ ሳይወልቅ ከተነሣ ክቡ ይቆረጣል። አሠራሩ መጥፎ አይደለም፤ ነገር ግን ቀለበቱ ላልቶ ከሆነ ክዳኑ ከነቀለበቱ ቦርሳ ውስጥ ይወድቃል፣ ከዚያ ቁልፍና እስክሪቢቶ ብርጭቆው ላይ ይጨፍራሉ። ያገለገለ ሌንስ ስትመረምሩ ክዳኑን ገጥማችሁ ፊቱን ወደ ታች አድርጋችሁ ነቅነቅ አድርጉት። ከወደቀ፣ የሌንሱ አካል ብረት ሆነ ፕላስቲክ ምን ፋይዳ አለው? ለማጽዳት ደግሞ መጀመሪያ አቧራውን በጎማ መንፊያ ማንሣት፣ ከዚያ በንጹሕ የሌንስ ጨርቅ ነው። በሸሚዝ እጀታና በነጠላ ጫፍ መወልወል ይቅር።

የካነኑን ካነሣሁ አይቀር፣ ስለ አቧራ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው እሱ ነው። ማውንቱ ላይ አቧራና እርጥበት የሚከለክል የጎማ ቀለበት አለው፤ የፊትና የኋላ ብርጭቆዎቹም ቆሻሻ በቀላሉ እንዲለቅ የሚያደርግ የፍሎሪን ልባስ ተደርቦባቸዋል። ክብደቱ 540 ግራም ነው፤ ከውጪ ሲታይም አብዛኛው ብረት አይመስልም። ዋጋው ግን ለእኛ የሚታሰብ አይደለም።

«ቢወድቅም ምንም አይሆንም» ወደተባለው ልመለስ። የፎቶ ዕቃ በመጠገን የኖሩ አንድ አባትን ስለዚህ ጠይቄአቸው ነበር። «ልጄ፣» አሉኝ፣ «ብረት ሲወድቅ አይሰበርም፤ ግን የመታውን ነገር ወደ ውስጥ ነው የሚያስተላልፈው። ፕላስቲኩ አንዳንዴ ራሱ ተሰንጥቆ ብርጭቆውን ያተርፋል።» ይህን ሌንስ ፈተው መልሰው ይገጥሙ እንደሆነ ስጠይቃቸውም ሳቁ። «መፍታቱንማ ማንም ይፈታዋል። መልሶ መሃል ማስገባቱ ነው ቁም ነገሩ፤ ለዚያ መሣሪያው የለኝም።» ነገሩ እውነት ነው። የተፈታ የዓሣ ዐይን ሌንስ ብርጭቆዎቹ በአንድ መስመር መቆማቸውን የሚያረጋግጥ የብርሃን መሣሪያ ይፈልጋል። ስለዚህ ብሎኑ የተፋቀ፣ በዊንዳይቨር የተነካካ የሚመስል ሌንስ ካጋጠማችሁ ዋጋው ቢረክስም እለፉት።

አንድ ነገር ይቀራል፤ ካሜራው። ካሉን ካሜራዎች አብዛኞቹ ባለ ትንሽ ሰንሰር ናቸው። በካነኖቹ ሰንሰሩ 22.3 በ14.9 ሚሊ ሜትር ነው። 22.6 ሚሊ ሜትር ክብ እዚያ ላይ ሲያርፍ ከላይና ከታች ይቆረጥና የጠላ በርሜል የመሰለ ፎቶ ይወጣል። ለትንሽ ሰንሰር የተሠራ ባለ 4.5 ሚሊ ሜትር ክብ ሌንስ ሲግማ አውጥቶ ነበር፤ የቀረቡልን ግን ሁለቱም 8 ሚሊ ሜትር ናቸው። እንግዲህ ሌንሱ የሚያገለግለው ባለን አንድ ሙሉ ሰንሰር ካሜራ ላይ ነው ማለት ነው፤ ይህንንም አስቀድሞ ማወቅ ይበጃል። ሁለቱንም በዚያ ካሜራ ነጭ ደመና ላይ አንሥተንባቸዋል። የቀላሉ ሌንስ ክብ ሙሉ ነው፤ የጠርዙ መስመርም ዙሪያውን እኩል ነው። የብረቱ ክብ ወደ ታች አዘንብሏል። እኔ ድምፄን የምሰጠው ለቀላሉ ነው፤ ክዳኑ በክር ከማሰሪያው ጋር እንዲታሰር እጠይቃለሁ።

ይህቺው የደመና ፎቶ ለርክክቡም ትጠቅማለች። ተማሪው ሌንሱን ሲወስድ ዕቃ ክፍሉ በር ላይ ወጥቶ ነጭ ደመና ወይም ነጭ ግድግዳ አንድ ጊዜ ያንሣ፤ ሲመልስም እንዲሁ። ሁለቱ ፎቶዎች ከፊርማው ጋር ይቀመጡ። ክቡ ሲወሰድ ሙሉ ሆኖ ሲመለስ ከተዛባ ተጠያቂው ይታወቃል። ሲወሰድም የተዛባ ከነበረ ደግሞ የኋለኛው ተማሪ ባልጣለው ሌንስ አይከፍልም።